የዓሣ ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት የበጋውን ኩሬ እዩት

ከወሎ፣ ከሀርቡ አካባቢ አንድ ወጣት ጠይቆኛል። ሰፈራቸው አጠገብ አልፋ፣ ወደ አዋሽ የሚወርደውን የቦርከና ወንዝ የምትቀላቀል ወንዝ አለች። እሱ ልጅ እያለ ዓሣ የሞላባት ነበረች፤ አሁን ግን "ለመድኃኒት እንኳ አይገኝባትም" ይላል። ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅተው ገንዘብ አዋጥተዋል። ጥያቄው አጭር ነው፦ "የቲላፒያ ጫጩት ከየት እንግዛ? ስንት ሺህ ብንለቅ ነው ወንዛችን ተመልሳ የምትሞላው?"

ወንድሜ፣ መልሱን አላስረዝምብህ፤ አትግዙ። ቢያንስ ዘንድሮ አትግዙ። አብሽር፣ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ሐሳባችሁ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ወንዝ የሚያስብ ወጣት ብዙ አናገኝም። ግን ብራችሁ ውሃ በልቶት እንዲቀር አልፈልግም፣ ያውም በእውነተኛው ውሃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዝ ዓሣ የሚጠፋው ዘር ስላነሰው አይደለም። አንዲት ደህና እናት ዓሣ በአንድ ክረምት በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ጥቂት እናቶች በጋውን በሕይወት ካለፉ፣ ክረምት ሲገባ ሽቅብ የሚወጡበት መንገድ ካልተዘጋባቸው፣ የሚጥሉበት ንጹሕ ጠጠርም ካገኙ እናንተ ልትገዙት ከምትችሉት በላይ ጫጩት በነጻ ይፈለፍላሉ። እነዚህ ከሌሉ ደግሞ መቶ ሺህ ብትለቁም ያው ነው፤ የቀደሙትን የጨረሰው ነገር አዲሶቹንም ይጨርሳቸዋል።

ቲላፒያ ደግሞ ለእናንተ ወንዝ አይሆንም። የረጋና ሙቅ ውሃ ነው የሚወደው። ሐይቅ ላይ፣ ግድብ ላይ፣ ታች አዋሽ ሜዳው ላይ ይመቸዋል። የእናንተዋ ሐምሌ ላይ ድንጋይ እያንከባለለች የምትወርድ ወንዝ ናት፤ ነሐሴ ሳይወጣ ጫጩታችሁ አፋር ይደርሳል።

ሩቅ ሳንሄድ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን ሐይቅ እንይ። እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ያ ሐይቅ ውስጥ ቲላፒያ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የለቀቁት። ተራባ። ሰውም በላው፣ ሸጠው፣ ልጅ አሳደገበት፤ ይህን አልክድም፣ ዛሬ ሐይቅ ከተማ ገብታችሁ የምትበሉት ጥብስ እሱ ነው። ውሃው ግን እንደነበረ አልቀረም። ቀድሞ በዓይን ለመታየት እንኳ የሚያስቸግሩ፣ እየተንሳፈፉ አረንጓዴውን አልጌ የሚግጡ ጥቃቅን እንስሳት ነበሩበት። ዓሣው ከገባ በኋላ ትልልቆቹ ጠፉ። ጋጩ ሲጠፋ አረንጓዴው በዛ፣ በጥራቱ የሚታወቀው ውሃም ደፈረሰ። ከዳገቱ የሚታጠበው አፈርም የራሱ ድርሻ አለው፣ ሁሉን በቲላፒያ አላላክክም። ግን አንድ እንግዳ ዓሣ አንድን ሙሉ ሐይቅ ሊቀይር እንደሚችል ለማየት ከወሎ መውጣት አላስፈለገንም። አንዴ ከገባ በኋላም ማውጣት የሚባል ነገር የለም።

ይልቅ የወንዟ ባለቤቶች እነማን እንደነበሩ እንነጋገር። በአዋሽ ገባሮች ውስጥ በብዛት የሚጠበቁት ሦስት ናቸው። አንደኛው ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚሉት ዓይነት ነው፣ በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚባለው፤ ቅርፊቱ ትልልቅ፣ ጉልበተኛ ዋናተኛ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ። ሁለተኛው ትንሹ ጋራ ነው፤ ከአፉ ሥር ባለች መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ጎርፉን ያሳልፋል። ልጆች ድንጋይ ሲገለብጡ የሚይዙት እሱን ነው። ሦስተኛው አምባዛ ነው፤ እሱን ማንም ያውቀዋል፣ ጢማሙ።

እነዚህን ማወቅ የሚጠቅመው ወንዟ ምን እንዳመማት ስለሚናገሩ ነው። አምባዛ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ አየር መሳብ ይችላል፤ ስለዚህ ውሃው ቢበላሽም ይሰነብታል። ነጭ ዓሣውና ጋራው ይህ ዕድል የላቸውም። አምባዛ ብቻ ቀርቶ ሌሎቹ ከሌሉ ውሃው ኦክስጅን አጥሮታል ብለህ ጠርጥር። ሦስቱም ከጠፉ ወይ ደርቋል፣ ወይ ተመርዟል። ሦስቱም በትንሽ በትንሹ ካሉ ደግሞ ምሥራች ነው፤ እናንተ የምትሠሩት መንገዱን መክፈት ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እግር ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ በልጉ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ፣ ወንዟ እጅግ በሚያንሳት ሰዓት ከቦርከና መገናኛ ጀምራችሁ ሽቅብ ሂዱ። ወራጁ ሲቆራረጥ ውሃ የሚቀረው እዚህም እዚያም ባሉ ጥልቅ ኩሬዎች ነው። ገደል ሥር፣ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ፣ የሾላ ሥር የቦረቦረው ቦታ። ዓሣው በጋውን የሚያሳልፈው እዚያ ተጠራቅሞ ነው። እያንዳንዱን ኩሬ ስም ስጡት፣ ጥልቀቱን በዱላ ለኩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ጥላ እንዳለው፣ ሞተር እንደተተከለበት፣ ከብት እንደሚገባበት ጻፉ። በተራ ደብተር ይሁን፣ ግድ የለም።

ቢያንስ አንድ ቀን ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ሂዱ። ሌሊት ተክሉም ዓሣውም ኦክስጅን ይተነፍሳል እንጂ ውሃው ውስጥ አዲስ የሚያመርት የለም፤ ስለዚህ ውሃው በጣም የሚታፈነው ሊነጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ቀስረው ገጹን ሲምጉ ካያችሁ ኩሬው እየታፈነ ነው። ረፋድ ላይ ብትሄዱ ይህን አታዩትም፤ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል።

ከዚያ ወራጅ ካለበት ቦታ የጭብጥ ሁለት እጥፍ የሚሆን ድንጋይ አንሱና ሆዱን ገልብጡ። ጠፍጣፋ፣ ጭራው ሦስት የሆነ፣ በጎንና ጎኑ የሚርገበገብ ነገር ያላት ትንሽ ነፍሳት ፈጥና ስትሸሽ ካያችሁ ውሃው ደህና ነው፤ ያቺ ንጹሕ ውሃ ካላገኘች አትኖርም። ጭቃው ውስጥ ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ብቻ ከሆኑ ግን ችግር አለ። ቀይ የሆኑት ኦክስጅን የሚይዝ እንደ እኛ ደም ያለ ነገር ስላላቸው ነው፣ ለዚያ ነው የታፈነ ውሃ የሚችሉት። ይህ ምርመራ ሳንቲም አያስወጣም፣ ላቦራቶሪም አይፈልግም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ ብርብራ።

ታውቀዋለህ። የዛፉን ፍሬ ይወቅጡና ኩሬው ውስጥ ይበትኑታል፣ ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ዓሣው በስንጥቡ ኦክስጅን እያስገባ ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ታዲያ ክፋቱ መርዙ መርጦ አይገድልም። ለመጥበሻ የምትሆነውን አንዷን ለማግኘት ጣት የማያክሉትን ሁሉ፣ የሚበሉትን ነፍሳት ጭምር ያጠፋል። ይባስ ብሎ የሚደረገው በጋ ላይ ነው። ወንዙ ሙሉ ሳለ ብርብራ ብዙ አይጎዳም፣ ውሃው ያቀጥነዋል፤ በጋ ላይ ግን የሁለትና የሦስት ኪሎ ሜትር ዓሣ አንድ ኩሬ ውስጥ ተጠራቅሟል። አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት የወንዟን ዘር ሁሉ ሊጨርሰው ይችላል። የቀጣዩ ክረምት እናቶችን ነው የሚበላው።

በዚያ ላይ ሁዳዴ አለ። ዓሣ በብዛት የሚፈለገው ጾም ላይ ነው፣ ሁዳዴ የሚውለው ደግሞ ውሃው ባነሰበት ወቅት ነው። ገበያውና ኩሬው ባንድ ጊዜ ይገጣጠማሉ። ይህን ግጥጥሞሽ ያላየ ሰው "ለምን ሁሌ ጾም ሲገባ ያልቃል" ብሎ ይገረማል።

ልብስ ማጠቢያው እንዶድም ዓሣ ይገድላል፤ በቀጥታ ኩሬው ላይ አይታጠብበት። አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው አይደል የእንዶድን ነገር ለዓለም ያሳወቁት? ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ዓሣውንም አይምርም። ከሁለቱም የባሰው ግን የእርሻ መድኃኒት ነው። አርሶ አደሩ ሽንኩርትና ቲማቲሙን ይረጭና መርጫውን ወንዝ ውስጥ ያለቀልቀዋል። ክፋት አስቦ አይደለም፣ ውሃው ቅርብ ስለሆነ ነው። አንድ በርሜል ውሃ ከወንዙ ራቅ አድርጋችሁ ብታስቀምጡና "እዚህ እጠቡ" ብትሉ ከስብሰባ ይልቅ ይሠራል።

በመርዝ ዓሣ ማጥመድ በሕግም የተከለከለ ነው። አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ አዋጁን ይዞ ኩሬ ዳር የሚያድር ፖሊስ የለም። እናንተ ጋ ከአዋጅ የሚከብድ ነገር አለ፤ ቂሬ፣ የወሎው ዕድር። ከቂሬ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አልነግረውም። "ብርብራ የበተነ ይህን ያህል ይቀጣል" የሚል አንድ መስመር በቂሬው ደንብ ከገባ፣ አበጋሮቹ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ከመከሩበት፣ ጁምዓ ላይ ኢማሙ፣ እሑድ ላይ ቄሱ ሁለት ቃል ከተናገሩበት ሥራው ግማሽ አለቀ። እናንተ ወጣቶች ሄዳችሁ አትቆጡ፤ አባቶችን አስቀድሙ። ከላይኛው ቀበሌና ከታችኛውም ጋር ተነጋገሩ፣ ዓሣው የቀበሌ ድንበር አያውቅም። አደራ፣ የብርብራውን ዛፍ ደግሞ እንዳትቆርጡት! አገር በቀል ዛፍ ነው፣ ጥላውም ግንዱም ይጠቅማል፤ ጥፋቱ የሰው ነው።

ውሃውን በተመለከተ። የመስኖ ሞተር ዛሬ በየቦታው ነው፤ አይተከል ብላችሁ አትነሱ፣ ሰው መብላት አለበት፣ ነገሩም ጠብ ይሆናል። የውሃ አባቱን ጠይቁ። መስኖው ተራ አለው አይደል? ሰኞ የእገሌ፣ ማክሰኞ የእገሌ። ለወንዟም ተራ ይሰጣት። በሳምንት አንድ ሌሊት ሞተሩ ቆሞ፣ ውሃውን ወደ ቦይ የሚያዞረው ጠለፋ ተከፍቶ ውሃው ወደ ታች ቢለቀቅ ኩሬዎቹ ይታደሳሉ። ሁለተኛው ስምምነት ከሁሉም ጥልቅ የሆኑትን ሁለት ሦስት ኩሬዎች መለየት ነው፤ እነዚህ ውስጥ ሞተር አይገባም፣ መረብ አይጣልም፣ በጋም ክረምትም። ሌላውን ተጠቀሙበት። የአንድን ወንዝ ዓሣ ለማትረፍ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ መንገድ አላውቅም።

ጠለፋው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ነጭ ዓሣው ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ሽቅብ ወጥቶ ወራጅና ጠጠር ያለበት ቦታ ይጥላል። ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ግን ወገብ የሚደርስ የሲሚንቶ ግድግዳ አይዘልም፤ ከሥሩ ተሰብስቦ ይንቆራጠጣል፣ እዚያው በመረብ ይለቀማል። ክረምት ላይ ጠለፋው ሥር ዓሣ እንደሚያፍሱ ሰምተህ ከሆነ መንገዱ የተዘጋው እዚያ ጋ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ማፍረስ አይደለም። ከታች በኩል በትልልቅ ድንጋይ ተዳፋት ሥሩለት፣ ለአንድ ሜትር ከፍታ 20 ሜትር ያህል ርዝመት፣ ድንጋዮቹ ወጣ ገባ ሆነው፣ በመሀል ውሃው የሚያርፍባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ይኑሩ። ዓሣው እየዘለለ ሳይሆን እያረፈ ይወጣል። የመስኖ መሐንዲሱን ሳታማክሩ ግን አንድ ድንጋይ አታንቀሳቅሱ፣ ጠለፋው ቢሰነጠቅ ከገበሬው ጋር ትጣላላችሁ። የቦዩ አፍ ላይም ወንፊት ሽቦ ይደረግ፤ ብዙ ጫጩት በቦይ ገብቶ ማሳ ላይ ነው የሚቀረው።

ከጠጠሩ ጋር የሚነሳው ሲኖትራክ ነው። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይፈለጋል፣ ገባኝ። ግን እንቁላሉ የሚያድረው በዚያ ጠጠር መሀል ነው። ጠጠሩ ሲነሳ መጣያው ይጠፋል፣ የቀረውንም የሚደፈርሰው ጭቃ ሸፍኖ ያፍነዋል። ቢያንስ በሦስቱ የክረምት ወራት እንዳይነሳ፣ ቦታውም ከመጣያው ርቆ እንዲሆን ከቀበሌው ጋር ተስማሙ። የላይኛው ተፋሰስ እርከን ነገርስ? ጥር ላይ ትወጡበታላችሁ፣ ወሎን ስለ እርከን ማስተማር አይጠበቅብኝም። የወንዙ ዳር ላይ ግን ባሕር ዛፍ አትትከሉ። አኻያ ትከሉ፣ ሾላ ትከሉ። አኻያ ዳሩን ይይዛል፣ ኩሬው ላይ ጥላ ይጥላል፤ ጥላ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን ይበልጥ ይይዛል።

አሁን ቦርከና ራሱ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ቦርከና እንደሚገባ፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣ ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶች እንደተገኙበት ተጠንቶ የታወቀ ነገር ነው። ይህን እናንተ ብቻችሁን አታስተካክሉትም። ሆኖም ወንዛችሁ ንጹሕ መሆኗ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋናው ወንዝ ሲከፋ ዓሣው የሚሸሽባት ገባር እሷ ናት፣ ክረምት ውሃው በዝቶ ፍሳሹ ሲቀጥን ደግሞ ከሌሎቹ ገባሮች መጥቶ የሚገባባት። መገናኛው ላይ ቀለም የተለወጠ ውሃ ወይም የሞተ ዓሣ ስታዩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፎቶውን መዝግባችሁ ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስገቡ፣ ቅጂውም እናንተ ጋ ይቅር። የስልክ አቤቱታ ነፋስ ይወስደዋል። የሞተውን ዓሣ ደግሞ አትብሉት፣ ለድመትም አትስጡት።

ወደ ታች ቦርከና ጨፋ ይገባል፣ ከሚሴ አጠገብ ያ ሰፊ ረግረግ። አምባዛ ክረምት ሲገባ ጎርፍ የተኛበት ሣር ውስጥ ነው የሚጥለው፣ ስለዚህ ጨፋ ሲጠነፍፍና ሲታረስ የአምባዛው መዋለጃም አብሮ ይጠባል። ይህ ከእናንተ አቅም ውጭ ነው፣ ግን ከከሚሴ በኩል የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ንገሩት።

እሺ፣ ይህን ሁሉ አድርገን ዓሣው ባይመለስስ? ሁለት ሦስት ክረምት ጠብቁ። ጋራው ቶሎ ይመጣል፤ ነጭ ዓሣው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላም ከላይ ምንም ከሌለና ፏፏቴ ወይም ጠለፋ ፈጽሞ የማያሳልፍ ከሆነ ማምጣት ይቻላል፤ ግን ከጎረቤት የቦርከና ገባር፣ ያንኑ ዓይነት ዓሣ፣ ከተለያዩ ኩሬዎች ጥቂት ጥቂት ተወስዶ። ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ በኩል እንዳታመጡ። ወሎ ውሃውን የሚያካፍል አገር ነው፤ በሽሎና ወለቃ ወደ አባይ፣ ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ፣ የላስታው ወደ ተከዜ። በመኪና ግማሽ ቀን ይሁን እንጂ የዚያና የዚህ ዓሣ ከተለያየ እጅግ ረጅም ዘመን ሆኖታል፤ በሽታውም ዘሩም አይደበላለቅ። ያኔ የወረዳውን የዓሣ ባለሙያ ይዛችሁ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ወይም የሰበታውን የዓሣ ምርምር ማዕከል አማክሩና እንጂ በጀሪካን ተሸክማችሁ አይደለም።

ብሩን ምን እናድርገው ትሉኝ ይሆናል። ለጫጩት የታሰበውን ለጠለፋው ድንጋይ ማጓጓዣ፣ ለቦዩ ወንፊት ሽቦ፣ ለአኻያ ችግኝና ለበርሜሉ አውሉት። የቀረውን ከኅዳር እስከ ሰኔ ኩሬዎቹን ለሚጠብቅ ሰው ክፈሉት፤ ቢቻል ቀድሞ ብርብራ በመበተን የሚታወቀውን ሰው ቅጠሩት፣ ዓሣው የት የት እንደሚደበቅ ከእሱ የሚበልጥ የሚያውቅ የለም።